የድልድይ ጠባቂዋ ቀኝ ዓይን

ኪሩቤል ብሌንን ሁለት ዓመት ሙሉ ወዷታል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን አንድም ቀን ዓይኗን ቀጥ ብሎ አላየም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወልድያ፣ በያሬድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ለጨዋታ ጠረጴዛ ሲከቡ እርሷ ሁልጊዜ በቀኙ ትቀመጣለች። እርሱ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ በዓይኑ ጠርዝ ያያታል። ከግራ ጆሮዋ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ያውቃል። አንድ ጊዜ ተበስቶ የተደፈነውን ሁለተኛ የጉትቻ ቀዳዳ ያውቃል። ልትስቅ ስትል ከከንፈሯ ቀድሞ የሚሸበሸበውን የዓይኗን ዳር ያውቃል። ፊቷን ወደ እርሱ የመለሰች እንደሆነ ግን ብሩሹን መፈለግ ይጀምራል። ብሩሹ እጁ ላይ ቢሆንም ይፈልገዋል።

ጨዋታው የተጀመረው መብራትም ኔትወርክም በጠፋባቸው በእነዚያ ክፉ ወራት ነው። ያሬድ ቀደም ብሎ ከኢንተርኔት አውርዶ ያተመው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ ተራኪው በሚነግራቸው አገር ውስጥ የሚጓዙበት ጨዋታ ነው፤ ዘንዶ አለው፣ ጠንቋይ አለው፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት አለው። ዕድል የሚጣልበት ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ከየትም ሲጠፋ ሃያ የለስላሳ ቆርኪዎች ላይ ቁጥር ጻፉና የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተቷቸው። አንድ ቁጥር ያወጣ ይወድቃል፤ ሃያ ያወጣ ተራራ ይገለብጣል። መብራቱ ተመልሶ ስልኩ ከሠራ በኋላም ጠረጴዛው አልተፈታም።

ያስቸገራቸው ሥዕሉ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጀግኖች ሁሉ ፀጉራቸው ወርቅ፣ ጆሯቸው የሾለ ነጫጭ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ከራስ እስከ እግር ብረት ለብሰዋል። ሴቶቹም ብረት ለብሰዋል፤ ሆዳቸው ግን ራቁቱን ነው።

«ይቺ ልጅ የምትሄደው ጦርነት ነው ወንዝ?» አለች ብሌን ገጹን ወደ ሁሉም አዙራ።

«ጠላት ሆዷን ሲያይ አፍሮ ይመለሳል» አለች ዘይነባ። ዘይነባ የብሌን የልብ ጓደኛ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ወላሂ እኔ እንዲህ ሆኜ አልዘምትም። ሻሽ የሚያስርልኝ ሠዓሊ ፈልጉልኝ።»

ሠዓሊው ከመርሳ መጣ። ኪሩቤል እንጀራው የሱቅ ታፔላ መጻፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ስምንት ዓመት በየኔታ አለሙ እግር ሥር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሯል። ለዘይነባ ሻሽ ያሰረች፣ ቅጠል የታቀፈች መድኃኒት ቀማሚ በካርድ ላይ ሣለላት። ለያሬድ ዘንዶውን፣ ጠንቋዩን፣ ነገሥታቱን ሣለለት። የሣላቸው እንደተማረው ነው፤ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም፣ ረጃጅም ጣቶች፣ የፊትን ግማሽ የሚይዙ ትልልቅ ዓይኖች። ከመጽሐፉ የተባረሩት ጀግኖች በአገር ቤት ሰዎች ተተኩ።

«ዘንዶው ምነው አያየንም?» አለ ተራኪያቸው ያሬድ የመጀመሪያ ቀን።

«ክፉ ነዋ» አለ ኪሩቤል ለጠረጴዛው። «ክፉ በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ዓይን የደግ ሰው ነው። የኔታ ‹ክፉን ሁለት ዓይን አትስጠው፤ ቀና ብለህ ስታየው ያይሃል› ይላሉ።»

ይህ ነገር የጠረጴዛው ሕግ ሆነ። አንድ ጊዜ በጨዋታው ውስጥ አንድ ሽማግሌ የንጉሥ አማካሪ ስድስት ወር አብሯቸው ተጓዘ፤ ሁለት ዓይን ነበረው፤ ብሌንም በጣም ትወደው ነበር። በኋላ ለጠላት ሸጣቸው። ያሬድ አዲሱን ካርድ ሲገልጠው አማካሪው በጎን ተሥሎ፣ አንድ ዓይን ብቻ ቀርቶት ተገኘ። ብሌን ካርዱን አንስታ በፊቱ ደፋችው። «ሁለተኛ ፊቱን እንዳታሳዩኝ» አለች። ሳቁባት። እርሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ጓዳ ውስጥ አንድ ዓይን ማለት ከዳተኛ ማለት ሆነ።

ብሌን የድልድይ ጠባቂ ናት። በምናቡ አገር ሰባት ወንዞች ላይ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚመለስ የምትወስነው እርሷ ናት። የሁሉም ካርድ ተሥሎ የእርሷ ብቻ ባዶ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ኪሩቤል ሲጠየቅ «ቀለም አለቀብኝ» ይላል።

«ሁለት ዓመት የሚያልቅ ቀለም ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ትላለች ዘይነባ። እርሱ ጣሳውን ያናውጣል።

*

አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ሲወጡ ብሌን በሩ ላይ ቀረች። ውጭ ባጃጆች ይጯጯሃሉ፤ ፀሐይ ገና አልበረደችም።

«የሐራዎቹ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል» አለች። «ሦስተኛው የሚመጣው ሳምንት እሑድ ነው። አባቴ መልስ ይሰጣቸዋል።»

አባቷ ጋሽ ግርማ አስፋልቱ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅና ሦስት አይሱዙ አላቸው። ሽማግሌ የላከው ሰው ሐራ ላይ የእህል መጋዘን አለው። ኪሩቤል መርሳ ላይ አንድ መሰላልና አምስት ብሩሽ አለው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሡትም።

«ጥሩ ሰው ነው?» አለ ኪሩቤል የበሩን መቀርቀሪያ እያየ። ሊል የፈለገው ይህን አልነበረም።

«ጥሩ ሰው ነው። ይኸው ነው ችግሩ። መጥፎ ቢሆን እምቢ ለማለት አልቸገርም ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ኪሩ፣ ካርዴን ሥራልኝ።»

«እሠራለሁ።»

«እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። እንደምታየኝ አድርገህ ሣለኝ። ቃል አልጠይቅህም፤ ቃል ከአፍህ እንደማይወጣ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ካርዴን ላግኘው። መልሴን ከእርሱ አነባለሁ። አንተ ካለህ አባቴን እኔ እጋፈጠዋለሁ።»

«አባትሽ እኔን ማን ይሉኛል?»

«ቀለም ቀቢው ይልሃል» አለች ሳትዋሽ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ ማን እንደምልህ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ያን ጊዜም አልጠየቃትም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ስትሄድ የበሩን መቀርቀሪያ መልሶ ያይ ጀመር።

*

መርሳ ተመልሶ አራት ቀን ታገለ። ፊት ለፊት ሊሥላት ሞከረ፤ አራት ወረቀት አበላሸ። ዓይኖቹ ያማሩ ነበሩ፤ ግን የማንም ዓይኖች ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ በግድግዳ ላይ የሣላቸው የጻድቃን ዓይኖች መጥተው ፊቷ ላይ ይቀመጣሉ። የእርሷን አያውቃቸውማ!

ሐሙስ ጠዋት የሚያውቀውን ሣለ። ግራ ጉንጯን። ነጥቧን። የተደፈነችውን ቀዳዳ። የዓይኗን ዳርና ከሳቅ የምትቀድመውን መጨማደድ። ከኋላዋ ድልድዩን፣ ከሥሯ ወንዙን አደረገ። እጁ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ልትስቅ ያለች ሴት ተቀምጣለች፤ ትንፋሿ የሚሰማ ይመስላል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

ሕጉን መጣሱን ያውቅ ነበር። ግን ይህችን የተደፈነች ቀዳዳ ያየ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳያት እንዴት አይገባትም? ብሎ አሰበ። ወደ ምሽት ላይ የኔታ አለሙ በትራቸውን እየተመረኮዙ ገቡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ።

«ኪሩቤል፣ ይህች ልጅ ምን በደለችህ?»

«ምንም አልበደለችኝም፣ የኔታ።»

«ታዲያ አንድ ዓይኗን ምነው ነጠቅሃት?»

«ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ያላየሁትን ብሥል ውሸት ይሆንብኛል።»

የኔታ ጎንበስ ብለው ጆሮዋን ተመለከቱ፤ ጢማቸው ሊነካው ደረሰ። «እጅህ እውነት ተናግሯል፤ እኔ አላስተማርኩህም ይህንን» አሉ። «ነገር ግን እውነቱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሥዕሉን የምታየው ደግሞ እርሷ። ወይ ወልድያ ሂድና ሌላውን ዓይኗን አይተህ ና፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ወይ ደግሞ ጻፍላት።»

መሄዱን አልደፈረም። ጻፈላት። ሦስት ጊዜ ቀዶ በአራተኛው ይህን አስቀረ፦

«ብሌን፣ በጎን የሣልኩሽ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ሁለት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ ያየሁሽ እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ላይሽ ፈራሁ። እሺ ካልሽኝ የኔታን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባትሽ እልካለሁ፤ የቀረውን ዓይንሽንም ዕድሜዬን ሙሉ አየዋለሁ። ኪሩቤል።»

አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጋለ። አጣጥፎ ከካርዱ ጋር ፖስታው ውስጥ ከተተው። ያን ሌሊት ከአራት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ሊሄድ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። መናኸሪያ ሲደርስ፣ ካርዱ ሲገለጥ እርሷ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ አሰበና ከሰልፉ ወጣ። የአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ዛሬ ማለቅ እንዳለበት ትዝ አለው። ታፔላው ለሰኞ ነበር።

አዳነ የሚኒባሱን መስታወት ይወለውላል። በመርሳና በወልድያ መካከል ሲመላለስ የሁሉንም ሰው ዕቃ የሚያደርስ፣ የሁሉንም ሰው ወሬ የሚያውቅ ሾፌር ነው።

«ለያሬድ ፎቶ ኮፒ» አለ ኪሩቤል ፖስታውን እየሰጠ። «ለብሌን ነው፤ ያሬድ ይሰጣታል።»

«ለጋሽ ግርማዋ ብሌን?» አዳነ ፖስታውን በጣቶቹ መዘነው። «ሥዕል ነው ደብዳቤ?»

«ሥዕል።»

«ሥዕል ከሆነ በራሴ ላይ ተሸክሜ አደርሳለሁ። ደብዳቤ ከሆነ ግን ወንድሜ፣ ለጋሽ ግርማ ልጅ የፍቅር ደብዳቤ ተሸክሜ ቢያገኙኝ የሞተር ቺንጋ የሚሸጥልኝ የለም። ይህቺ መኪና መንገድ ላይ ትሞታለች።» ሳቀ። ወንበር ይዘው የተቀመጡት ሁለት ሴቶችም ሳቁ። «አየህ ቀላ! በሉ መስክሩ፣ ቀልቷል!»

«ደብዳቤ አይደለም አልኩህ እኮ» አለ ኪሩቤል። ፖስታውን መልሶ ነጠቀው፤ ፊቱን አዙሮ የታጠፈውን ወረቀት አወጣና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይኸው። ሥዕል ብቻ ነው።»

ሚኒባሱ አቧራ አስነሥቶ ሄደ። እንዲያውም ይሻላል ብሎ አሰበ ኪሩቤል፤ ሥዕል ከነማብራሪያው አይላክም፤ ልብ ያለው ያነበዋል። ታፔላው ሥር ቁጭ ብሎ ፊደሎቹን ሲቀባ ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት እንደ ፍም ይሰማው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ሰው!» አለች ዘይነባ። «ምን አድርጋህ ነው?»

«ሰላም ነው ዘይነባ?»

«የምን ሰላም! ያሬድ ፖስታውን ከፍቶ ካርዱን ሁላችን ፊት ገለጠው። በጎን። አንድ ዓይን። ያሬድ ሞኙ ‹አዲስ ጠላት መጣብን እንዴ?› ብሎ አረፈው። እርሷ ግን ከሥሩ አነበበችው፤ ‹የድልድይ ጠባቂ› ይላል።»

ኪሩቤል መሰላሉን ያዘ። «ጆሮዋን አላየችም? ከጆሮዋ ሥር…»

«ያ አላህ! ዓይኑን የተነጠቀ ሰው ጆሮውን ያያል?»

«ምን አለች?»

የዘይነባ ድምፅ ተለወጠ። «‹ሽማግሌ ቤታችን እንዲገባ ስለፈቀድኩ ከዳተኛ አለኝ፤ መልሴን አገኘሁ› አለች። ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

ብሌን ጋ ደወለ፤ ስልኳ ተዘግቷል። ወደ መናኸሪያው ሄደ፤ «ወልድያ! ወልድያ!» ይባላል። አንዱ መኪና ሞልቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሞልቶ ሄደ። በጋሽ ግርማ በር ቆሜ ማን ነኝ ልበል? ሲል ሦስተኛው ሄደ። እጁ ላይ የደረቀው ቀይ ቀለም ቆዳውን ይዞት አልለቅ አለ።

*

እሑድ ረፋድ ላይ ተሳፈረ። ሲደርስ የጋሽ ግርማ ግቢ በር ክፍት ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመ። ጋቢ የደረቡ አራት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን እያጠፉ ሲገቡ አየ። በሩን ለመምታት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ቆጠረው፤ አሥራ ሰባት ነው። ደረት ኪሱን በመዳፉ ጫን ብሎ ያዘ። አሁን፣ አለ። ይህች ባጃጅ ትለፍ፤ ከዚያ። ባጃጇ አለፈች። ሌላ መጣች።

ከግቢው ውስጥ እልልታ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ሴት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ብዙ። ኪሩቤል በእልልታው መካከል የእርሷን ድምፅ ይፈልግ ጀመር፤ አልሰማትም። አለመስማቱ ያጽናናኛል ብሎ ነበር። አላጽናናውም።

*

ሌሊቱን ያሬድ ቤት አድሮ ሰኞ ጠዋት ወደ መለዋወጫ ሱቁ ሄደ። ጋሽ ግርማ ዕቃ ሊያመጡ ደሴ ወርደዋል። ብሌን ከባንኮኒው ጀርባ፣ በተንጠለጠሉት ቺንጋዎች መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ወደ መንገዱ ነው፤ እርሱ በግራዋ በኩል ገባ። የሚያውቀው ጎን ነበር የታየው።

«ምን ልስጥህ?» አለች ሳትዞር፤ ለማንኛውም ደንበኛ እንደምትለው።

ደብዳቤውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። በላብ ረጥቦ ደርቆ ጠርዙ ተነሥቷል። አነበበችው። እንደገና ከላይ ጀመረችው።

«ይህ ቅዳሜ ዕለት የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ኪስህ ውስጥ» አለች። «መጀመሪያ ፖስታው ውስጥ ነበር?»

«ነበር። አዳነ ሲስቅብኝ… አወጣሁት።»

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «የአይሱዙ የዘይት ፊልትሮ ስጪኝ እስቲ እመቤት። ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሰማን!»

«አሜን፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች ብሌን፤ ፊልትሮውን አውርዳ ሰጠችው። ሾፌሩ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም እርሱን ብቻ ተመለከቱ።

«ሁለት ሌሊት ሙሉ» አለች ከዚያ፣ «ከዳተኛ አለኝ እያልኩ ተቃጠልኩ። አባቴ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት በዚያ ንዴት ነው። አሁን እውነቱን ሳውቀው ግን ይኸኛው ይብሳል።»

«ለምን ይብሳል? እኔ እኮ…»

«ከዳተኛ ብትለኝ እንኳ አይቶኝ ነው ያለኝ እል ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ ጠገነችው። «ኪሩ፣ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ምን አለ?»

ኪሩቤል የባንኮኒውን እንጨት አየ። አንድ ቋጠሮ ነበረው።

«ሠዓሊ አይደለህ? ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሃል። ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ምን አለ?»

«አላውቅም።»

«የሐራው ሰውዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ገና ውኃ ሳይቀርብለት ‹ዓይንሽን ምን ነክቶት ነው?› አለኝ። ‹ስፈጠርም ነበረኝ› አልኩት። ‹ያምራል› አለኝ። አልወደድኩትም። አሁንም አልወደውም። ግን አየኝ።»

መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና አለፈ፤ የተንጠለጠሉት ቺንጋዎች ተወዛወዙ።

«አሁን ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። በቀኝ ዓይኗ ነጭ ላይ፣ ከብሌኑ ወረድ ብላ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ነበረች። ያቺን ነጥብ ለመቀባት የትኛውን ቀለም ከየትኛው እንደሚቀላቅል ያውቅ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ እንባ ሞልተው እርሱን ያዩታል፤ ምናልባትም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያዩት ኖረዋል። የጻድቃንም የማንም አልነበሩም። ብሩሽ አልፈለገም። የሚሸሽበት ወረቀት አልነበረም።

«ብሌን፣ የኔታን ልላካቸው። ዛሬውኑ። አባትሽ እግር ላይ…»

«ሽማግሌዎቹ መርቀውኛል። አሜን ብያለሁ፤ እናቴ አልቅሳ አሜን ብላለች። አሜን ይመለሳል?»

መልሱን አልጠበቀችም። መሳቢያውን ስባ ካርዱን አወጣች።

«ሁለተኛ ዓይን ጨምርበትና ስጠኝ።»

ካርዱን ተቀብሎ አየው። እጁ ልማዱ ሆኖ ሚዛኑን፣ መስመሩን ለካ። ሊዋሻት ይችል ነበር።

«ቦታ የለውም» አለ። «በጎን በተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር ነው።»

«እንግዲያው እንዲሁ ስጠኝ።» ወሰደችው። ጣቷን በሥዕሉ ጆሮ ላይ፣ በተደፈነችው ቀዳዳ ላይ አሳረፈች። «ይቺን እናቴም ረስታታለች» አለች ቀስ ብላ። የዓይኗ ዳር ተሸበሸበ፤ ሳቁ ግን ተከትሎ አልመጣም።

«የባጃጅ ካንዴላ አለ?» አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ።

«አለ» አለች ብሌን፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

*

በሦስተኛው ቅዳሜ ያሬድ ጠረጴዛውን ዘረጋ። ስለ ሐራው ሰርግ ማንም አላነሣም። ዘይነባ ጣሳውን ይዛ ቆርኪዎቹን አላናወጠችም። ኪሩቤል የለመደው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ደረት ኪሱ ውስጥ አዲስ ካርድ ነበር፤ ፊት ለፊት የተሣለች፣ ሁለት ዓይን ያላት፣ በቀኝ ዓይኗ ነጭ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ያለባት የድልድይ ጠባቂ። አላወጣውም።

«ሰባተኛው ወንዝ ደርሳችኋል» አለ ያሬድ የተራኪ ድምፁን ሊያወጣ እየሞከረ። «ድልድዩ አለ። ጠባቂ የለውም። የሚከለክላችሁ ሰው የለም።»

«እንለፍ በቃ» አለች ዘይነባ። ቀና ብላ ኪሩቤልን አየችና ቃሏን መለሰች። «ወይም እንቆይ።»

ኪሩቤል ከልማዱ የተነሣ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ በዓይኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ ተመለከተ። የመስኮቱ ብርሃን ገባ እንጂ ጉንጭ አልነበረም። ያን ጊዜ አንገቱን አቀና፤ ሙሉ ፊቱን ወደዚያ አዞረና የብሌንን ባዶ ወንበር በሁለት ዓይኑ፣ ቀጥ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ አየው።